አሮጌው ፒካፕና የማታው መንገድ፦ አምፖል ከመግዛት በፊት

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ፒካፕ ቀን ብቻ የሚሠራ መኪና አይደለም። ምርጥ ዘር ከመጋዘን አውጥቶ ቀበሌ ሲያደርስ፣ የእንስሳት ክትባት በማቀዝቀዣ ሳጥን ይዞ ሲመላለስ ይመሽበታል። ከቆጋ መስኖ ሽንኩርት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውም ለጠዋት ገበያ ለመድረስ ጎህ ሳይቀድ ይነሳል። በዚያ ሰዓት መንገዱ ባዶ አይደለም። ገበያተኛ አለ፤ የተጫነ አህያ አለ፤ መብራት የሌለው ጋሪ አለ።

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንዲት ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ሹፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት፣ መኪናው ፍጥነቱን መቀነስ ሳይጀምር 33 ሜትር አልፏል። መብራቱ የሚያሳየው ከዚህ ብዙም የማይርቅ ከሆነ አህያዋን ማየትና መግጨት አንድ ይሆናል።

መብራት ደከመ ሲባል ብዙዎች በቅድሚያ የሚሮጡት ወደ መለዋወጫ ሱቅ ነው፤ ነጭ የሚያበራ ኤል ኢ ዲ አምፖል ለመግዛት። ይህ ጸሐፊ ግን አይመክረውም። የአሮጌ ፒካፕ መብራት አንጸባራቂ የተሠራው ለሃሎጅን አምፖል ቀጭን ክር ነው። የብርሃኑ መነሻ ቦታና ቅርጽ ሲቀየር ብርሃኑ ይበተናል። ከመኪናው አፍንጫ ሥር ያለው መሬት ቦግ ስለሚል ሹፌሩ የተሻሻለ ይመስለዋል፤ ዓይኑ ግን ቅርቡን ስለለመደ ሩቁን ማየት ይሳነዋል። ከፊት የሚመጣው ባለባጃጅ ደግሞ ዓይኑ ይጠፋል። ባለ 100 ዋት ሃሎጅን መግባትም መፍትሔ አይደለም፤ ለ60 ዋት የተሠራውን ሶኬትና ማብሪያ ያቀልጣል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው አምፖሉ ላይ ሳይሆን ሽቦው ላይ ነው። በብዙ አሮጌ ፒካፖች የመብራቱ ኃይል በሙሉ በቀጭን ሽቦና ባረጀ ማብሪያ በኩል ያልፋል። ሞተሩ ተነስቶ መብራቱ በርቶ ሳለ ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎም አምፖሉ ሶኬት ላይ በቴስተር ይለካ። ባትሪው 13 ተኩል ቮልት ሰጥቶ ሶኬቱ ላይ 12 ብቻ ከደረሰ ከብርሃኑ ሲሶ ያህሉ መንገድ ላይ ቀርቷል። የሃሎጅን ብርሃን ቮልቴጁ ከቀነሰው እጅግ በበለጠ ስለሚቀንስ ነው። መድኃኒቱ ሁለት ሪሌ፣ ፊውዝና ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣ ወፍራም ሽቦ ነው፤ የዛገው ማሳም ተፍቆ እንደገና ይታሰር። ለኤሌክትሪክ ባለሙያው አንድ ማሳሰቢያ፦ በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ማብሪያው የሚቆርጠው በማሳ በኩል ነውና ሪሌው ሲገጠም ይህን ማጣራት ያስፈልጋል።

የመብራቱ ሽፋን ፕላስቲክ ሆኖ ቢጫ ከሆነ በውኃ በራሰ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ይወለወላል። ከላዩ ፀሐይ የሚከላከል ቫርኒሽ ካልተቀባ ግን ወራት ሳይቆይ ተመልሶ ይደበዝዛል። የመስታወት ሽፋን አይደበዝዝም፤ ነገር ግን ውስጡ ያለው አንጸባራቂ ዝጎ ከሆነ ሙሉ መብራቱን ከመለወጥ ሌላ አማራጭ የለም። ያገለገለ መብራት የሚገዛ ሰው ይጠንቀቅ። በግራ በኩል ከሚነዳበት አገር የመጣ ከሆነ አጭሩ መብራት ወደ ግራ ከፍ ይላል፤ በእኛ መንገድ ያ የሚያርፈው ከፊት በሚመጣው ሰው ዓይን ላይ ነው።

በመጨረሻ ልኬቱ ይስተካከላል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ ይቁም። የመብራቱ መሐል ከመሬት ያለው ከፍታ ግድግዳው ላይ ይመልከት፤ አጭሩ መብራት ሲበራ የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከምልክቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ፒካፕ ሲጫን ኋላው ይወርዳል፣ አፍንጫው ይነሳል። ስለዚህ ባዶውን ሳይሆን የዘወትር ጭነቱን እንደያዘ ይለካ።

የጥገና ጥያቄ የሚፈርሙ የወረዳ ኃላፊዎች ወረቀቱ ላይ «ሁለት አምፖል» ብቻ ተጽፎ ሲመጣላቸው ቮልቴጁ ተለክቶ እንደሆነ ቢጠይቁ መልካም ነው። ሹፌሩም ሲመሽ ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረግ፤ መጠባበቂያ አምፖሉንም መስታወቱን በባዶ እጅ ሳይነካ ይግጠም፤ የጣት ቅባት ያረፈበት ሃሎጅን ቶሎ ይቃጠላል።