የተጠመዘዘው አንሶላ ዕዳ የማን ነው?

አንሶላ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ሲገባ አንሶላ ነው፤ ሲወጣ ግን ገመድ ሆኖ ነው። ያውም ካልሲ፣ ፎጣና የትራስ ልብስ በሆዱ የቋጠረ ገመድ። ማሽን ያላችሁ አንባቢዎች ይሄን በደንብ ታውቁታላችሁ። አንዱን ጫፍ ስትስቡት ሌላው ይጠብቃል፤ ሌላውን ስትፈቱት የመጀመሪያው ይቋጠራል። በመጨረሻ ትዕግሥት ያልቅና በጉልበት ይጎተታል። ከዚያ "ጨርር" የሚል ድምፅ ይሰማል። በቃ፣ አንድ አንሶላ ሄደ ማለት ነው።

በየቤታችን ከሆነ ነገሩ ተነጫንጮ የሚታለፍ ነው። አልጋ አከራይቶ ለሚኖር ሰው ግን አንሶላ ካፒታል ነው። ለሚያጥበው ሰው ደግሞ ከደመወዙ ሊቆረጥ የሚችል ብር ነው። ብዕሬን ያነሳሁትም በዚህ በመጨረሻው ምክንያት ነው።

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ወረኢሉ ሄጄ ነበር። ብዙዎቻችን ወረኢሉን የምናውቃት ዳግማዊ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለዓድዋ ሲዘምቱ የሸዋን ጦር የቀጠሩባት ከተማ በመሆኗ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት፤ ጥር ላይ የሌሊቱ ብርድ ቀልድ አያውቅም። ከደሴም ከጃማም በኩል የሚመጣ መንገደኛ ያድርባታል። እኔም ያረፍኩት አሥር ክፍል ባላት አንዲት አልጋ ቤት ነበር።

ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ወደ ጓሮ ስወጣ አንዲት እናት ባለ ሁለት ገንዳ ማሽን አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የተቋጠረ አንሶላ ይፈታሉ። ጣታቸው በውርጩ ቀልቷል።

"እትዬ፣ እንደምን አደሩ? ላግዝዎት?" አልኳቸው።

"አልሐምዱሊላህ ልጄ፣ አብሽሪ፣ ለምጄዋለሁ። ይሄ ማሽን ጠምዝዞ ጠምዝዞ ሲጨርሰው ዕዳው በእኔ ሆነ እንጂ። በእጄ ሳጥብ እኮ አንድም ተቀዶብኝ አያውቅም" አሉኝ።

ነገሩን ሳጣራ በወሩ ውስጥ ሦስት አንሶላ ተቀዷል። የአልጋ ቤቱ ባለቤትም የሦስቱን ዋጋ ከደመወዛቸው እንደሚቆርጥ ነግሯቸዋል። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። ማሽኑን የገዛውም ሥራው እንዲቀልላቸው ብሎ ነው። ግን አንሶላ ተወዷል፤ ማሽኑን ደግሞ ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ተጠያቂ የሚሆን ሰው ተፈለገ፤ የተገኙትም እሳቸው ናቸው።

ታዲያ ማሽኑ አንሶላን ለምንድን ነው የሚጠመዝዘው? እኚያው እናት ያስረዱኝን የሚያህል ማብራሪያ አላገኘሁም። "ጋቢ ስንጨምቅ አንዷ ወዲህ፣ አንዷ ወዲያ ትጠመዝዛለች አይደል? እሱም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ እኛ መልሰን እንፈታዋለን፣ እሱ አይፈታም።"

በቃ ይኸው ነው። በባለ ሁለት ገንዳው ማሽን ከታች የምትሽከረከር ክብ ሳህን አለች። ውሃውን የምታዞረው እሷ ናት። ሸሚዝ አጭር ስለሆነ ከውሃው ጋር ተገላብጦ ይዞራል። አንሶላ ግን ረጅም ነው፤ አንዱ ጫፉ መሐል ላይ ወደ ታች ሲሳብ ሌላው ጫፉ ዳር ላይ ይንሳፈፋል። መሐሉና ዳሩ እኩል ስለማይዞሩ ጨርቁ እንደ ጋቢው ይጠመዘዛል። ሳህኗ አቅጣጫ እየቀያየረች ከዞረች የተጠመዘዘው በከፊል ይፈታል። በአንዳንድ ማሽኖች ግን "ከባድ" የሚለው ምርጫ ላይ ሳህኗ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የምትዞረው። አንሶላ ከባድ ልብስ ነው ብሎ እዚያ ላይ ያደረገ ሰው ገመድ እየፈተለ ነው።

ከፊት ለፊት የሚከፈተው ማሽንም ከዚህ ነፃ አይደለም። እሱ ልብሱን ወደ ላይ አንስቶ ይጥላል። አንሶላው ሲወድቅ ተጠቅልሎ ከወደቀ በሚቀጥለው ዙር ይብስበታል፤ ትንንሾቹን ልብሶችም እየሰበሰበ ኳስ ይሆናል። ኳሱ ውስጥ ሳሙናውም ውሃውም በቅጡ አይገባም፤ የገባውም ሳሙና ታጥቦ አይወጣም። ውሃ ሲመጥ ደግሞ ክብደቱ ወደ አንድ በኩል ስለሚያጋድል ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዱም ከቆመበት ቦታ ይንፏቀቃል።

ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር ልጨምር። ጥጥ ሲረጥብ ከደረቁ ይልቅ ይጠነክራል። ስለዚህ ደህና የጥጥ አንሶላ ስለረጠበ ብቻ አይቀደድም። የሚቀደደው ውሃ ጠጥቶ ክብደቱ ከእጥፍ በላይ በሆነበት ሰዓት፣ ያ ሁሉ ክብደት ቋጠሮው ያለበት አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍ ነው። ችግሩ ጉተታው ነው። ጉተታውን ያመጣው ቋጠሮው ነው፤ ቋጠሮውን ያመጣው ደግሞ ልብሱ ማሽን ውስጥ የገባበት መንገድ ነው። መፍትሔውም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

አንደኛ፣ አታጭቁት። ማሽኑ ላይ የተጻፈው 7 ኪሎ ወይም 8 ኪሎ የሚለው ቁጥር የደረቅ ልብስ ክብደት ነው። አንሶላ በኪሎ ቢያንስም በስፋቱ ቦታ ይይዛል። ትልልቅ አንሶላ ከሆነ በአንድ ጊዜ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ይበቃል። እጅን አስገብቶ ልብሱን እንደ ልብ ማገላበጥ ካልተቻለ ማሽኑም አይችልም።

ሁለተኛ፣ አንሶላን ከአንሶላ ጋር ብቻ እጠቡ። ካልሲና የውስጥ ልብስ ለየብቻ። የኮምፎርት ሽፋን ከሆነ ዚፑን ወይም ቁልፉን ዝጉት፤ አለዚያ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ላስቲክ ያለው አንሶላ ደግሞ ማዕዘኖቹ ኪስ ስለሚሆኑ ትይዩ ያሉትን ሁለት ሁለት ማዕዘኖች ላላ አድርጎ እርስ በርስ ማሰር ይረዳል። አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የአንሶላ ማዕዘን የሚይዝ የፕላስቲክ ዕቃ ይሸጣል። እኛ ግን ማሰር እናውቅበታለን፤ ዶላር አያስፈልገውም።

ሦስተኛ፣ በባለ ሁለት ገንዳው መጀመሪያ ውሃውን ሙሉ፤ ኦሞ የምንለውን የዱቄት ሳሙናም ቀድማችሁ አሟሙት። ከዚያ አንሶላውን አንድ በአንድ፣ ወዲያና ወዲህ እያጠፋችሁ፣ ዳር ዳሩን አስገቡት። መሐል ሳህኗ ላይ ጠቅልሎ መወርወር ቋጠሮ መጥራት ነው።

አራተኛ፣ አጠር አጠር አድርጉት። የእነዚህ ማሽኖች የማጠቢያ ሰዓት ብዙውን ጊዜ እስከ 15 ደቂቃ ነው የሚሄደው። 15ቱን በአንድ ጊዜ ከመልቀቅ አምስት ደቂቃ ማጠብ፣ አጥፍቶ ፈታ ፈታ ማድረግ፣ ከዚያ እንደገና አምስት ደቂቃ ማጠብ። ምርጫ ካለው ለስላሳው ላይ አድርጉት። ሳህኗ አቅጣጫ የምትቀይርበት ምርጫ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ባዶ ውሃ ላይ አስነስቶ ማየት ነው።

አምስተኛ፣ ወደ መጭመቂያው ገንዳ ስታዛውሩት ጠቅልላችሁ ሳይሆን አጥፋችሁ፣ ግድግዳውን ዙሪያውን እኩል አልብሱት፤ የውስጧን ክዳንም አትርሱ። እጅ የሚገባው ገንዳው ጨርሶ ሲቆም ብቻ ነው። የሚሽከረከር አንሶላ ጣት ላይ ከተጠመጠመ የሚጎዳው አንሶላው አይደለም።

በመጨረሻ ለሁለት ሆኖ ጫፍ ጫፉን ይዞ ማራገፍና ሳይውል ሳያድር ማስጣት። ወረኢሉን በመሰለ ደጋ ተጠቅልሎ የቆየ አንሶላ ቶሎ አይደርቅም፤ ክረምት ላይ ደግሞ ይሸታል።

እዚህ ላይ "ባለ ሁለት ገንዳውን ትቶ ዘመናዊውን መግዛት ነው" የሚል አይጠፋም። እሱ የቧንቧ ውሃ ሳይቋረጥ ለሚያገኝ ነው። ባለ ሁለት ገንዳው በጄሪካን ይሞላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ካቆሙበት መቀጠል ይቻላል። ነጭ የታጠበበት የሳሙና ውሃ ደግሞ ለባለ ቀለሙ ያገለግላል። የክፍለ ሀገር አልጋ ቤቶች የሚመርጡት በምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ኮሪያዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ሃ-ጁን ቻንግ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መጽሐፉ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከኢንተርኔት በላይ ዓለምን ለውጧል ብሎ ይሟገታል። የሴቶችን ጊዜ ከቤት ሥራ ስላስለቀቀ ማለቱ ነው። ስዊድናዊው ሃንስ ሮስሊንግም በዚያው ዓመት ስለ ማጠቢያ ማሽን ዝነኛ ንግግር አድርጓል፤ ማሽኑ ለእናቱ መጽሐፍ ማንበቢያ ጊዜ እንደሰጣት ይተርካል። ሁለቱንም አምናቸዋለሁ። ግን ሁለቱም የሚያወሩት የማሽኑ ባለቤት ስለሆነች ሴት ነው። ማሽኑ የሌላ፣ ጉልበቱ የእሷ፣ ኪሳራውም የእሷ ሲሆንስ?

በምሳሌ እንየው። አንድ አንሶላ 900 ብር ተገዛ እንበል። 90 ጊዜ ታጥቦ ቢያልቅ በአንድ እጥበት 10 ብር አለቀ ማለት ነው። ተጠምዝዞ በ45ኛው ከተቀደደ በአንድ እጥበት 20 ብር ይሆናል። የመጀመሪያው 10 ብር የማንም ጥፋት አይደለም፤ የዕቃ እርጅና ነው፤ ከአልጋው ኪራይ መሸፈን ያለበት ወጪ ነው። የተጨመረው 10 ብር ደግሞ ማሽን ተገዝቶ አጠቃቀሙ ባለመማሩ የመጣ ነው። ሥልጠና የሰጣቸው የለም። የመመሪያው ወረቀትም አማርኛ አያውቅም። ይህን ዕዳ ከማሽኑ ምንም ትርፍ የማያገኝ ሰው ላይ መጣል በሒሳብም በህሊናም አያስኬድም።

በሕግም ቢሆን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 እንደሚለው አሠሪ እንደፈለገ ከደመወዝ መቁረጥ አይችልም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትዕዛዝ የተደገፈ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ የተስማማበት መሆን አለበት። እንደዚያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ ሲሶ መብለጥ የለበትም።

ይህንኑ ለባለቤቱ ቡና ላይ አነሳሁለት። "እሺ፣ ታዲያ ለኔ ማን ይክፈለኝ?" አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የእኔ መልስ፦ በሚቀጥለው ወር የማይቀደደው አንሶላ ይከፍልሃል የሚል ነበር። ጭንቅላቱን ነቅንቆ ዝም አለ። እስከ ወር መጨረሻ ግን መቁረጡን አቆይቶታል።

አንድ የታወቀ ታሪክ ልጥቀስና ላብቃ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእነሱ በታች ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ በእንዶድ የማጥፋቱ ምርምር የተጀመረው ከዚያ ነው። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋርም በ1989 "ራይት ላይቭሊሁድ" የተባለውን ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ትልቁ ሳይንቲስት ዝቅ ብሎ ልብስ አጣቢዎች ያሉበትን ውሃ አይቷል። እኛም ደመወዝ ከመቁረጣችን በፊት "እትዬ፣ ማሽኑ ምን እያደረገ ነው?" ብለን ብንጠይቅ ምን እንከስራለን? መልሱን ያውቁታል፤ ጋቢ ሲጨምቁ ነው የኖሩት።