ቪዛው ሌላ፣ የመቆያው ቀን ሌላ

አንዲት እናት ልጃቸውን ሊያርሱ አሜሪካ ሄዱ እንበል። ቪዛው ላይ ቀን ተጽፏል። ይህ ቀን የመግቢያ እንጂ የመቆያ አይደለም። የመቆያውን ቀን የሚወስነው እዚያ ሲደርሱ የሚቀበላቸው የድንበር ሹም ነው። ለጠያቂ ዘመድ ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይሰጣል።

ቀኑ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ልጅ ከኢንተርኔት ታወጣዋለች። እናት ግን ራሳቸው ያንብቡት! አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው፤ ወሩ ይቀድማል። 3/5 ማለት ማርች 5 ነው እንጂ ሜይ 3 አይደለም።

መቆየት ቢያስፈልግስ? ቀኑ ሳያልፍ ማመልከት ነው። ዝም ብሎ ከ180 ቀን በላይ አሳልፎ የወጣ ሰው 3 ዓመት፣ 1 ዓመት ሞልቶት የወጣ ደግሞ 10 ዓመት እንዳይመለስ ይታገዳል። ያን ጊዜ ያቀፉት ሕፃን አያቱን ሳያውቅ ያድጋል።