የሸክላ ከሰል ምድጃ ሲገዙ ምን ይመልከቱ?

እሁድ ከሰዓት በኋላ በአሶሳ ግቢዎች፣ በማንጎ ጥላ ሥር ከሰል የሚቀጣጠለው ለቡና ብቻ አይደለም። ጥብሱም፣ ዓሣውም፣ ወጡም በዚያው ፍም ላይ ይበስላል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በዚሁ ክልል፣ ጉባ ላይ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ቢመረቅም ቡናና ጥብስ ገና ከከሰል አልወረዱም። ለሶፋና ለቴሌቪዥን ስንት ሱቅ የምንዞር ሰዎች ግን በየቀኑ ገንዘባችንን የሚበላውን ምድጃ ፊት ለፊት ካገኘነው ነጋዴ አንስተን እንመጣለን። እስኪ በዚህ ወር ስለ እሱ እናውራ።

ለምን ሸክላ?

ከቆርቆሮ ብቻ የተሠራ ምድጃ አጠገብ ሲቀመጡ እግርዎን የሚለበልብዎት ሙቀት ለድስቱ የከፈሉበት ሙቀት ነው። ውስጡ በሸክላ የተለበጠ ምድጃ ግን ሙቀቱን ይዞ ወደ ላይ ይልካል። በአገራችን «ላቀች» የሚባለው ምድጃ የተሠራው በዚህ ሐሳብ ነው። የኬንያውን የሸክላ ጂኮ መነሻ አድርጎ በ1980ዎቹ ዓ.ም ገበያ ላይ የዋለ ሲሆን፣ በደንብ ከተሠራ ከተራው የብረት ምድጃ በሩብ ያህል ያነሰ ከሰል ይፈጃል። አራት ማዳበሪያ ከሰል ይጨርስ የነበረ ቤት ሦስት ይበቃዋል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ምድጃ ሲያወዳድሩ የተጠየቀውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን፣ የሚተርፍልዎትን አራተኛ ማዳበሪያም አብረው ያስሉ።

በውጭ አገር እንቁላል የሚመስሉ፣ ከባድ ክዳን ያላቸው የሴራሚክ መጥበሻዎች አሉ። መነሻቸው ካማዶ የሚባለው የጃፓን ምድጃ ነው። መልካቸው ቢለይም ዘዴው አንድ ነው፦ ወፍራሙ ሸክላ ሙቀት ይይዛል፣ የአየር በሩ እሳቱን ይቆጣጠራል። እንዲህ ያለውን ለማስመጣት ካሰቡ ሸክላው ቢሰነጠቅ መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ አስቀድመው ይጠይቁ።

ሱቅ ውስጥ

• ሸክላውን በጣትዎ ያንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ጥሩ ምልክት ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ግን ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል ሌላ ያንሡ።
• ምድጃውን ነቅነቅ ያድርጉት። ሸክላው ከቆርቆሮው ጋር አጥብቆ ካልተያያዘ ዕድሜው አጭር ነው።
• ፍሙ የሚያርፍበት ወለል ቀዳዳዎች የተከፈቱ መሆናቸውን ይዩ። አየር ካልገባ ከሰሉ አይነድም።
• የአየር በሩን ከፍተው ይዝጉት። የማይዘጋ በር ካለው እሳቱን መቀነስ አይችሉም።
• ስፋቱን በሥራው ይለኩ። ለጀበና የሚመች ትንሽ ምድጃ ለቤተሰብ ጥብስ አይበቃም።

አዲሱን ምድጃ በመጀመሪያው ቀን በትንሽ ከሰል ቀስ ብለው ያሙቁት። በሸክላው ውስጥ የቀረ እርጥበት በድንገት ከጋለ ይሰነጥቀዋል። በጋለ ሸክላ ላይ ውኃ ማፍሰስም እንዲሁ።

አብረው የሚገዙ

ብዙ ዕቃ አያስፈልግዎትም። ረዘም ያለ ጉጠት፣ ማራገቢያ፣ ለአመድ ክዳን ያለው ቆርቆሮና የጥብስ ሽቦ ይበቃሉ። ሽቦው ላይ ግን ይጠንቀቁ። ለአጥር የሚሸጠው ዚንክ የተቀባ ሽቦ ለምግብ አልተሠራም፤ በጣም ሲግል ጎጂ ጭስ ሊያወጣ ይችላል። የማይዝግ ብረት ይምረጡ። ማቀጣጠያም በፌስታል አይሁን፤ ደረቅ ጭራሮ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ስለ ከሰሉ ካነሣን፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የቆላ ቀርከሃ፣ የሽመል አገር ነው። ከሽመልም ከሰል ይሠራል። ሽመል ተቆርጦ ከሥሩ እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ፣ የበሰለው ብቻ እየተመረጠ ከተቆረጠ ዛፍ ያድናል። ገበያ ላይ ካገኙ ይሞክሩት።

ክረምት ሲገባ

ዝናቡ ሲበረታ ምድጃው ከግቢ ወደ ቤት ይገባል። ብዙዎቻችን «ጋም ብሏል፣ ጭሱ አልቋል» ብለን በሩን እንዘጋለን። አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ፍም ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊገድል ይችላል።

የሸክላ ምድጃ ከሰል ይቆጥባል እንጂ ይህን ጋዝ አያስቀርም። ፍሙን ለረጅም ጊዜ ስለሚይዝም ማታ «ጠፍቷል» ብለው ያስገቡት ምድጃ ውስጡ ገና እየነደደ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በረንዳ ላይ ወይም ነፋስ በሚገባበት ማዕድ ቤት ያብስሉ። ለሙቀት ብለው መኝታ ክፍል በፍጹም አያስገቡ። ከሰል ባለበት ቤት ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ካለ ሁሉንም ወዲያው ወደ ውጭ ያውጡ፤ ከዚያም ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ሥራው ሲያልቅ የተረፈውን ፍም ውጭ እንዳለ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አፍነው ያጥፉት። ለነገ ቡና ማቀጣጠያ ይሆንዎታል፤ ምድጃውም ውጭ ያድራል።