የሰሜኑ ድብና የሰው ወሬ

በ2025 መገባደጃ ላይ (ዘመኑ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) መንጋጋው የተሰበረ ድብ በአላስካ የ«ወፍራም ድብ ሳምንት» ውድድርን አሸነፈ። የመለያ ቁጥሩ 32 ነው፤ ተመልካቹ ግን «ቸንክ» እያለ ይጠራዋል። ክብደቱ ከ500 ኪሎ እንደሚበልጥ የተገመተው ይህ ወንድ ድብ መንጋጋው እንደ ተንጠለጠለ በብሩክስ ወንዝ ሳልመን ሲያሳድድ ከርሟል። ውድድሩ የካትማይ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በ2014 የአንድ ቀን ጨዋታ ሆኖ ተጀመረ፣ ዛሬ ከመላው ዓለም ድምፅ ይጎርፍለታል። ድቦቹ የሚሰቡት ለሽልማት አይደለም። ክረምቱን ጉድጓድ ውስጥ ምንም ሳይቀምሱ ያሳልፋሉ፣ የክብደታቸውንም ሲሶ ያህል እዚያው ጥለውት ይወጣሉ። ሰው ደግሞ ቤቱ ቁጭ ብሎ የከሳውንና የወፈረውን ፎቶ እያስተያየ ይመርጣል።

ጨዋታው ደስ ይላል፤ እኔም እከታተለዋለሁ። ግን የቸንክን ያለፈ ታሪክ አስታውሱ። በጁላይ 2024 ሁለት ግልገሎች ውሃ ጠርጎ ከፏፏቴው ቁልቁል ሲጥላቸው ከታች ቆሞ ያገኛቸው እሱ ነበር፤ ነከሳቸው፣ አንዱ ሞተ። እናቲቱ፣ 128 ወይም «ግሬዘር» የሚሏት፣ በዚያው ዓመት ፍጻሜ ላይ በድምፅ ስታሸንፈው ሕዝቡ ፍትሕ የተገኘ ያህል ጨፈረ። የዚያ ዓመት ውድድር ሊጀመር ሲል ደግሞ 469 የተባለው ወንድ 402 የተባለችውን እንስት በቀጥታ ስርጭት ካሜራ ፊት ገደላት፤ የተወዳዳሪዎቹ ዝርዝር ይፋ የሚሆንበት ቀንም ተራዘመ። ዓመት ዞሮ የግልገሉ ገዳይ ለመንጋጋው ታዝኖለት ዘውድ ደፋ። ድቡ ያው ድብ ነው፤ የተቀያየረው የሰጠነው ሚና ነው። ስለ ሰሜኑ ድብ የተነገረው አብዛኛው ታሪክ እንዲህ ነው፦ ሰው ተዋናይ ይፈልጋል፣ ድቡ የሚበላ ነገር ይፈልጋል።

ድብ በሀገራችን የለም። ብዙዎቻችን የምናውቀው ከመጽሐፍ ነው፦ ዳዊት ከመንጋው ጠቦት ሲወስድበት ያሳደደው፣ በኤልሳዕ ላይ ያላገጡትን ልጆች የሰባበሩት ሁለቱ። እነዚያ የሶርያ ቡናማ ድቦች ናቸው፤ የካትማዮቹ ከእነሱ ጋር አንድ ዝርያ ሆነው ሳልመን ያፋፋቸው ናቸው። በአላስካና በካናዳ ጫካ ጥቁሩ ድብም ሞልቷል፤ በዜና የምናየው ግን አብዛኛውን ጊዜ የቆሻሻ በርሜል ሲገለብጥ ስለሆነ እሱን ልለፈው።

ነጩ ድብ ግን ሌላ ነው። ኑሮው የባሕር በረዶ ላይ ነው፤ ሲል የተባሉትን የባሕር አጥቢዎች ትንፋሽ ለመውሰድ ብቅ ሲሉ ጠብቆ ይይዛል። እርጉዝ ካልሆነች በቀር ክረምቱን ጉድጓድ ገብቶ አያሳልፍም። በረዶው ሲቀልጥ ወደ የብስ ይወጣና ይራባል። በ2017 የታተመ ጥናት ከ1870 እስከ 2014 ድረስ ነጭ ድብ በሚኖርባቸው አምስት አገሮች የተመዘገቡ 73 ጥቃቶችን ሰብስቧል፤ 20 ሰው ሞቷል፣ 63 ቆስሏል። በመቶ አርባ ዓመት ውስጥ ይህ ብዙ የሚባል አይደለም። ነገር ግን ከ73ቱ 15ቱ የደረሱት በመጨረሻዎቹ አምስት ዓመታት ሲሆን፣ ከጥቃቶቹም 88 በመቶው የባሕሩ በረዶ በሚሳሳባቸው ከጁላይ እስከ ዲሴምበር ባሉት ወራት የሆኑ ናቸው። አጥቂዎቹም አብዛኞቹ የከሱ ነበሩ።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት ቸርችል ትበቃለች። በካናዳ ማኒቶባ፣ በሀድሰን ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለች ዘጠኝ መቶ ያህል ነዋሪ ያላት ከተማ ናት። በኦክቶበርና በኖቬምበር ድቦቹ ባሕሩ በረዶ ሆኖ እስኪረጋ እዚያው ዳርቻው ላይ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ሰው ቢሳደድ ዘሎ እንዲገባ የመኪናና የቤት በር ሳይቆለፍ ይታደራል። ከተማ የገባ ድብ በርችት ይባረራል፤ እምቢ ካለ በወጥመድ ወይም በማደንዘዣ ይያዝና ከቀድሞ የጦር ሠራዊት መጋዘን ወደ ተሠራው «የድብ እስር ቤት» ይገባል። ክፍሎቹ 28 ናቸው። እስረኛው ውሃ እንጂ ምግብ አይሰጠውም፤ ከተማ ማለት ቀለብ ማለት ነው ብሎ እንዳይለምድ ነው። ባሕሩ ሲረጋ ይለቀቃል፣ ቦታ ከጠበበም በመረብ ተጠቅልሎ በሄሊኮፕተር ወደ ሰሜን ይወሰዳል። በከተማዋ ድብ ሰው የገደለው ለመጨረሻ ጊዜ በ1983 ነው። ሟቹ ከተቃጠለ ሆቴል ሥጋ ለቅሞ እየወጣ ነበር፤ ኪሱ ሥጋ እንደ ሞላ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ክፍት የቆሻሻ መጣያዋንም ዘግታለች። የአካባቢው ድቦች ቁጥር ግን በ2016 ከተገመተው 842 በ2021 ወደ 618 ወርዷል።

ይህ ጥንቃቄ በሌለበት የሚሆነውን ሩሲያ በፌብሩዋሪ 2019 አይታዋለች። በኖቫያ ዜምልያ ደሴቶች ላይ ባለችው ቤሉሺያ ጉባ ሃምሳ ሁለት ድቦች በቆሻሻ ክምር ዙሪያ ተሰባስበው የመኖሪያ ሕንፃዎች መግቢያ ድረስ ዘለቁ፤ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። በጃንዩዋሪ 2023 ደግሞ በአላስካ ዌልስ መንደር፣ ትምህርት ቤቱ አጠገብ፣ አንድ ነጭ ድብ እናትና ሕፃን ልጇን ገደለ። ወሬው ለጥቂት ቀናት ዓለምን ዞረና ጠፋ።

የድሮዎቹን አሳሾች ታሪክ ብዙ ጸሐፊ ስለሚያሞቀው እኔ አሳጥረዋለሁ። ከ1596 እስከ 1597 ኖቫያ ዜምልያ ላይ የከረሙት የቪለም ባረንትስ ሆላንዳውያን መርከበኞች በድብ ላይ ሲተኩሱ ከረሙ። አንድ ጊዜ ጉበቱን በልተው ታመሙ፤ የሦስቱ ሕመም ብሶ ቆዳቸው ከራስ እስከ እግር ተገፈፈ። የአርክቲክ ነባር ሕዝብ የሆኑት ኢኑይቶች ጉበቱን እንደማይበሉ የታወቀ ነው፤ ሳይንስ ምክንያቱን ያገኘው በ1940ዎቹ ሲሆን እሱም ከልክ ያለፈ ቫይታሚን ኤ ነው። በ1897 በፊኛ ወደ ዋልታ ሊበር ተነሥቶ በረዶ ላይ የቀረው ስዊድናዊው አንድሬና ሁለት ጓደኞቹም ድብ እየገደሉ ሲበሉ ሰነበቱ፤ አስከሬናቸው የተገኘው በ1930 ነው። አንድ ዴንማርካዊ ሐኪም የገደላቸው በድቡ ሥጋ ውስጥ ያለ ጥገኛ ትል ነው ብሎ ጽፏል፤ ክርክሩ አልተዘጋም።

እኔን የሚይዘኝ ግን የቲሞቲ ትሬድዌል ጉዳይ ነው፤ ስለ እሱ የተሠራው የቨርነር ኸርዞግ ፊልም «ግሪዝሊ ማን» በ2025 ሃያ ዓመት ስለሞላውም ነው። ትሬድዌል ከሱስ የወጣ፣ ከካሊፎርኒያ እየተነሣ አሥራ ሦስት በጋ ካትማይ ውስጥ ድቦች መካከል ድንኳን የተከለ ሰው ነበር። ስም ያወጣላቸዋል፣ በሚያባብል ድምፅ ያናግራቸዋል፣ እንደሚወዳቸው ይነግራቸዋል። ጠመንጃ አይዝም፤ ኋላ ኋላ የበርበሬ ርጭቱንና የኤሌክትሪክ አጥሩንም ተወ። ከአዳኝ እጠብቃቸዋለሁ ይል ነበር። ችግሩ ካትማይ የተጠበቀ ፓርክ መሆኑ ነው፤ ጠባቂ እንጂ አዳኝ የሚበዛበት ቦታ አልነበረም።

በ2003 ወቅቱ ካለፈ በኋላ ከጓደኛው ኤሚ ሁጉናርድ ጋር ወደ ካፍሊያ ወሽመጥ ተመለሰ። የለመዳቸው ድቦች ብዙዎቹ ሄደዋል፤ የቀሩት ለክረምት ያልጠገቡት ነበሩ። በኦክቶበር 5 ሁለቱም ተበሉ። ካሜራው እየሠራ ነበር፣ የሌንሱ ክዳን ግን አልተነሣም፤ ስድስት ደቂቃ ያህል ድምፅ ብቻ ቀረ። በፊልሙ ውስጥ ኸርዞግ ድምፁን በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ከጀርባው እናየዋለን፤ ሰምቶ ሲያበቃ የቴፑን ባለቤት አጥፊው፣ በፍጹም እንዳትሰሚው ይላታል። ድምፁን ለተመልካች አለማሰማቱ ከፊልሙ ውሳኔዎች ሁሉ የተሻለው ይመስለኛል። አስከሬን ለማንሣት የሄዱት የፓርኩ ሰዎች ሁለት ድቦችን ተኩሰው ገደሉ። ፓርኩ ከተመሠረተበት ከ1918 ጀምሮ በካትማይ ድብ ሰው ሲገድል ሲታወቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ትሬድዌልን የሚወዱት ቅዱስ፣ የሚጠሉት ሞኝ ይሉታል። ኸርዞግ ደግሞ በድቡ ዓይን ውስጥ ከምግብ ፍላጎት በቀር ምንም አላየሁም ብሎ የራሱን ጨለማ ፍልስፍና ያነባል፤ እሱም ያው ድቡን ተዋናይ አደረገው። ለእኔ በፊልሙ ውስጥ ቁም ነገር የተናገረው በኮዲያክ የአሉቲክ ሙዚየም ኃላፊ የነበረው ስቬን ሀካንሰን ነው። የአሉቲክ ሕዝብ ለሰባት ሺህ ዓመት ከድቡ ጋር የኖረው ወሰን ጠብቆ እንደሆነ፣ ትሬድዌል ያንን ወሰን እንደ ተሻገረና ይህም ለድቡ ክብር አለመስጠት እንደሆነ በረጋ ድምፅ ያስረዳል። ጥቂት ደቂቃ ነው የተሰጠው። ፊልሙን ባየሁት ቁጥር ሌላው ሁሉ አጥሮ እሱ ቢረዝም እላለሁ።

መራቅ የማይቻልበት ጊዜስ? በአላስካ ከ1985 እስከ 2006 የደረሱ ግጥሚያዎችን የመረመረ ጥናት የበርበሬ ርጭት ቡናማ ድቦችን በ92 በመቶው ጊዜ እንደመለሰ፣ ርጭቱን ይዘው ድብ ከገጠማቸው ሰዎችም 98 በመቶው ምንም ሳይነኩ እንደተረፉ አገኘ። ጠመንጃ ወዳዶች እስካሁን ይከራከሩበታል፤ ንፋስ ርጭቱን ሊያስተው ይችላል በሚለው ግን እውነት አላቸው።

በኖርዌይ ስቫልባርድ ከመንደር የሚወጣ ሰው ድብ ማባረሪያ የመያዝ ግዴታ አለበት፣ ብዙው ጠመንጃም ይጨምራል። እዚያ ከ1971 ወዲህ ስድስት ሰው በነጭ ድብ ተገድሏል፣ የመጨረሻው በኦገስት 2020 በሎንግየርብየን ድንኳን ሰፈር። ከጃንዩዋሪ 2025 ጀምሮ ደግሞ ከነጭ ድብ 300 ሜትር መራቅ፣ ከማርች እስከ ጁን ማብቂያ ደግሞ 500 ሜትር መራቅ በሕግ ተደንግጓል። አስጎብኚ ድርጅቶች ተቃውመውት ነበር፤ ደንበኛቸው የሚከፍለው ድቡን በቅርብ ለማየት ነው። ሕጉ ግን ከዚያ ርቀት ገብቶ የተገኘ ሰው ጎብኚም ይሁን አስጎብኚ ወዲያው እንዲያፈገፍግ ያዛል።