በግማሽ ግራም የተጣላንባት ሄሊኮፕተር



«የማስተማሪያ መርጃ መሣሪያ ከአካባቢ በሚገኝ ቁሳቁስ ይዘጋጃል» የሚለውን ቃል በየክፍለ ጊዜው እንሰማዋለን፤ ፈተና ላይም እንጽፈዋለን። እውነቱን ለመናገር ግን ብዙዎቻችን ካርቶን ላይ ሥዕል ከመለጠፍ አልፈን አናውቅም። እኛ የሳይንስ ክበብ አባላትም እንደዚያው ነበርን፤ አንዲት ትንሽ ሄሊኮፕተር እስክታጣላን ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮምቦልቻ ልጅ የሆነ አንድ ጓደኛችን አክስቱ ከዐረብ አገር ስትመለስ ያመጣችለት፣ በሬዲዮ የምትታዘዝ ሄሊኮፕተር አለችው። ከነባትሪዋ 700 ግራም ትመዝናለች። ኮምቦልቻ በግቢያቸው ውስጥ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ስትነሳ እኛው ሄደን አይተናል። ለክበባችን ትጠቅማለች ብሎ በካርቶን አሽጎ፣ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት አስወጥቶ ደሴ አመጣልን። ታዲያ ወርክሾፕ ውስጥ ስናስነሳት አልነሳ አለች። በዚያው ቀን ያንደኛው ክንፍ ጫፍ ወንበር ነክቶ ትንሽ ተላጠ፤ እኛም ሱፐር ግሉ ቀብተን ስኮች ደራርበን ለጠፍንበት። ከዚያ በኋላማ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ጠረጴዛው ሁሉ አብሯት ጮኸ።

ወዲያው ጥፋተኛ ፈለግን። «መንገድ ላይ አስመትተሃታል»፣ «ሞተሩን አበላሽተህ ነው ያመጣኸው» አልነው። «ወላሂ ከጭኔ አላወረድኳትም!» ቢል ማን ይስማው። ሳምንት ሙሉ ከእኛ ጋር ምሳ አልበላም። የፊዚክስ መምህራችን ነገሩን ሲሰሙ አልተቆጡም። «ለካችሁ ወይስ ገመታችሁ?» ብቻ አሉን። መልስ አልነበረንም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና በሚቀጥለው ሰኞ መለኪያ ፍለጋ ወጣን።

ከሰኞ ገበያ የገዛነው

ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሸጥ መለኪያ በውጭ አገር አለ። እኛ ግን ሰኞ ገበያ ገብተን የሚከተሉትን ሰበሰብን፦ ሁለት ምላጭ፣ ሁለት ድንች፣ አንድ ብሎን፣ ጥቂት ዳዶ፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ የስፌት ክር፣ ባለቀለም ፕላስተር። ከመድኃኒት ቤት አንድ ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ጨመርን። ፕሮትራክተርና ማስመሪያ ከደብተር ቦርሳችን፣ ቆርኪ ከሻይ ቤት፣ ጣውላ ከወርክሾፕ አገኘን።

ከገበያው አንድ ትምህርትም ይዘን ተመለስን። ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት እናት ሊመዝኑልን ሲሉ መጀመሪያ ባዶውን ሚዛን ብድግ አድርገው አሳዩን። «ባዶውን ሳታዩ ሙሉውን አትመኑ፣ ልጆቼ» አሉ። ይህች ቃል ከዚህ በታች በምንገልጸው ሥራ ሁሉ ላይ ትሠራለች።

1ኛ. የግራም ሚዛን

ማስመሪያውን በመሐሉ በክር አንጠልጥለን በሁለቱ ጫፎች እኩል ርቀት ላይ ሁለት ቆርኪ አሰርን። ባዶውን ሲዘነበል በቀለለው ጫፍ ላይ ጥቂት ስኮች ለጥፈን አስተካከልነው። የክብደት ድንጋይ ከየት ይምጣ? ከውሃ! አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ግራም ይመዝናል። በሲሪንጁ ወደ አንደኛው ቆርኪ 0.2 ሚሊ ሊትር ስንጨምር 0.2 ግራም ጨመርን ማለት ነው። በዚህ ዘዴ ቁራጭ ስኮች፣ ትንሽ ብሎን፣ ሌላው ቀርቶ የጠመኔ ስባሪ መመዘን ቻልን።

2ኛ. የክንፍ ማመዛዘኛ

ሁለቱ ክንፎች እኩል መመዘናቸው ብቻ አይበቃም፤ የክብደታቸው ማዕከልም አንድ ቦታ ላይ መዋል አለበት። ስለዚህ እያንዳንዱን ክንፍ በእርሳስ ላይ አጋድመን የማይዘነበልበትን ነጥብ ፈለግን፤ ምልክትም አደረግንበት። የአንደኛው ነጥብ ወደ ጫፍ ሸሽቶ ተገኘ። የትኛው ነው ብትሉ፣ እኛው የለጠፍንበት ክንፍ ነው!

ቀጥሎ ሁለት ድንች እኩል ቆርጠን በእያንዳንዱ ላይ ምላጭ ሰካን፤ ስለቱ ወደ ላይ ነው። ሁለቱን ክንፎች በሥራቸው ባለው ቀዳዳ በአንድ ብሎን አገናኝተን ቀጥ አድርገን አጠበቅናቸው፤ ብሎኑን በሁለቱ ስለቶች ላይ አጋደምነው። የከበደው ወገን ወዲያው ወረደ። ደራርበን የለጠፍነውን ልጠን ሁለቱ ነጥቦች አንድ ቦታ ላይ እስኪውሉ አስተካከልን፤ ከዚያም ቀለል ባለው ክንፍ ላይ፣ ልክ በክብደቱ ማዕከል፣ ቁራጭ ስኮች እየጨመርን አግድሞሽ እስኪቆም ደከምን። የላጥነው ትርፍ በግራም ሚዛናችን ሲመዘን ግማሽ ግራም ሆነ።

«ግማሽ ግራም ምን ታመጣለች?» ያለ ነበር ከመካከላችን። እስቲ እናስላ። ክንፉ በደቂቃ 2,400 ጊዜ ቢዞር በሴኮንድ 40 ዙር ነው። ግማሽ ግራም ትርፍ ክብደት ከመሐል 20 ሴንቲ ሜትር ርቃ ስትዞር ወደ ውጭ የምትስበው ኃይል ወደ 6.3 ኒውተን ይጠጋል። ይህም 640 ግራም የሚያህል ዕቃ ተንጠልጥሎ እንደሚስበው ማለት ነው። ሄሊኮፕተሯ በጠቅላላው 700 ግራም ናት፤ ስለዚህ ራሷን የሚያህል ጉልበት በሴኮንድ 40 ጊዜ ዙሪያዋን እየጎተተ ይንጣት ነበር። ትርፉ ያለው ጫፉ አካባቢ ከሆነ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ጠረጴዛው ቢጮህ ምን ይገርማል!

3ኛ. የማዕዘን መለኪያ

ክንፉ አየር የሚገፋው ትንሽ ጋደል ብሎ ስለሚዞር ነው። የሁለቱ ክንፎች ማዕዘን ካልተስማማ አንደኛው ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ይዞራል። ለዚህ መለኪያው የግንበኛ ቱምቢ ነው። ፕሮትራክተሩን ከልብስ መቆንጠጫ ጋር አጣበቅን፤ ቀጥ ያለው ጠርዙ ከክንፉ ስፋት ጋር ትይዩ እንዲሆን ተጠነቀቅን። ከፕሮትራክተሩ ማዕከል ክር አውርደን ጫፉ ላይ ዳዶ አሰርን። ክንፉ ፍጹም አግድም ሲሆን ክሩ 90 ላይ ይወርዳል። 94 ላይ ከወረደ ክንፉ 4 ዲግሪ ተጋድሟል ማለት ነው።

አስቀድሞ ግን የሄሊኮፕተሯ ዘንግ ቀጥ ብሎ መቆሙን በቱምቢ ማየት ያሻል። አንዱን ክንፍ ከለኩ በኋላ ክንፎቹን ግማሽ ዙር አዙሮ ሁለተኛውን በዚያው ቦታ መለካት ነው። ልዩነት ከተገኘ ክንፉን የሚያዘውን ቀጭን ዘንግ በግማሽ ዙር ማሳጠር ወይም ማስረዘም፣ ከዚያ እንደገና መለካት። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር የነካ ሰው የትኛው እንዳስተካከለለት አያውቅም።

4ኛ. የጫፍ ማያ

ክንፎቹ ሲዞሩ አንድ መስመር ላይ መሆናቸውን ለማየት ባንደኛው ጫፍ ቀይ፣ በሌላው ነጭ ፕላስተር ለጠፍን፤ ክብደታቸው እኩል ይሁን። ስትዞር ሁለቱ ቀለሞች ተደራርበው አንድ መስመር ከሆኑ ደኅና ነው። ቀዩ ከላይ፣ ነጩ ከታች ከታየ የቀዩን ማዕዘን መቀነስ ነው። በትልልቆቹ ሄሊኮፕተሮችም ዱሮ የሚደረገው ተመሳሳይ ነበር። የክንፎቹን ጫፍ በተለያየ ቀለም ጠመኔ ይቀቡና በእንጨት ላይ የተወጠረ ሸራ ቀስ ብለው ያስጠጉ ነበር፤ ሸራው ላይ የታተመው የቀለም ምልክት የትኛው ክንፍ ከፍ እንዳለ ይናገራል። ጠመኔ ከሰሌዳ ውጪም ሥራ ነበረው ማለት ነው!

እኛ ሸራ አላስጠጋንም። በክንፎቹ ትይዩ መቆምም ክልክል አድርገናል። የእጅ ስልክ በድንጋይ አስደግፈን በዝግታ እንዲቀርጽ አድርገን፣ ከጣውላ ጋሻ ኋላ ሆነን ጠበቅን። ስልክ ቢሰበር ሌላ ይገዛል፤ ዓይን ግን ሰኞ ገበያም አይገኝ።

5ኛ. የማንሻ ኃይል ሚዛን

መንቀጥቀጡ ጠፋ። ሄሊኮፕተሯ ግን አሁንም አልነሳ አለች። መጀመሪያ ሰፊ ሳህን ባለው የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጠን ምን ያህል እንደምትቀል ለማየት ሞከርን። መርፌው እምብዛም አልተነቃነቀም። «ይኸው ሞተሩ ሞቷል!» ተባለ፤ ያ ልጅም አንገቱን ደፋ። ለካ ስሕተቱ የእኛ ነበር። ክንፉ ወደ ታች የሚገፋው አየር መልሶ ሳህኑን ይጫነዋል፤ በአንድ እጅ አንስቶ በሌላው እንደ መጫን ነው።

ስለዚህ ጠባብና ረጅም ጣውላ በመሐሉ ላይ እንደ ሸዋሸዌ አቆምን፤ ባዶውን አመዛዘንን (እናታችን እንዳሉት!)። ባንደኛው ጫፍ ሄሊኮፕተሯን አሰርን፤ በሌላው ጫፍ በእኩል ርቀት የውሃ ጠርሙስ አንጠለጠልን። ጠርሙሱ ከነውሃው 300 ግራም ከሆነ፣ የሄሊኮፕተሯ ጫፍ የሚነሳው ክንፎቿ ቢያንስ 400 ግራም ሲያነሱ ነው። ውሃውን እየቀነስን ሄድን። ጠርሙሱ 50 ግራም ሲቀረው አቃታት። ስለዚህ የምታነሳው 650 ግራም አካባቢ ብቻ ነው፤ 700 ግራም ገላዋን መሸከም አልቻለችም።

የጠፋው ጉልበት የት ሄደ?

መልሱ የሐረጎ ዳገት ላይ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው። ከፍ ባሉ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በመደበኛው ስሌት አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ወለል 1.225 ኪሎ ግራም፣ በኮምቦልቻ ከፍታ 1.02፣ በደሴ ከፍታ 0.96 ያህል ይመዝናል። ከኮምቦልቻ ደሴ ስንወጣ ብቻ ከመቶ 6 ያህል ይቀንሳል። የክንፉ ዙርና ማዕዘን ሳይለወጥ የማንሻው ኃይል ከአየሩ ክብደት ጋር እኩል ስለሚቀንስ፣ ኮምቦልቻ ላይ 700 ግራም የሚያነሳ ክንፍ ደሴ ላይ የሚያነሳው 655 ግራም ያህል ነው። ጣውላችን የነገረንም ይህንኑ አይደል?

መፍትሔውም ከዚሁ ይመጣል። የማንሻው ኃይል በዙሩ ካሬ ልክ ስለሚጨምር ዙሩን ከመቶ 3 ያህል ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ ወይም የክንፎቹን ማዕዘን በጥቂቱ መጨመር። እኛ ማዕዘኑን በመለኪያችን እየተቆጣጠርን ጨመርን፤ የሄሊኮፕተሯ ጫፍ ያለ ጠርሙስ ብድግ አለ። ሞተሩ ደኅና ነበር። ልጁም አላስመታትም። ያበላሸናት እኛው፣ በለጠፍነው ግማሽ ግራም ነው፤ የቀረው ደግሞ የአገራችን ከፍታ ነው። ማታውኑ ይቅርታ ጠየቅነው። «አብሽሩ፤ እኔም ሞተሩን ጠርጥሬ ነበር» አለን።

ለምን አስረን ብቻ?

«ታዲያ ሜዳ ላይ መች ትለቋታላችሁ?» የሚሉን አሉ። አንለቃትም። አንደኛ፣ በአገራችን ሰው አልባ በራሪ ያለ ፈቃድ አይለቀቅም። ሁለተኛ፣ የደሴ ሰው ከሰማይ ድምፅ ሲሰማ ምን እንደሚያስብ እናውቃለን። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማይቱን ደበደቡ፤ የ2014ቱን ጦርነት ደግሞ እኛው ልጅ ሆነን አሳልፈነዋል። አንድ ሕፃን በእኛ መጫወቻ ምክንያት አልጋ ሥር እንዲገባ አንፈልግም። ማሰር ደግሞ ነውር የለበትም። ሲኮርስኪ የሚባለው መሐንዲስ እንኳ በመስከረም 1932 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1939) ቪኤስ 300 የተባለችውን ሄሊኮፕተሩን መጀመሪያ ያስነሳት በገመድ አስሮ ነው፤ በነጻ የለቀቃት ከወራት በኋላ ነበር።

ጥንቃቄ! ክንፍና ማዕዘን ስትነኩ መጀመሪያ የሞተሩን ሽቦ ንቀሉ። የተሰነጠቀ ክንፍ አይጠገንም፤ ይጣላል። ስትዞር ማንም ሰው በክንፎቹ ትይዩ አይቁም።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ሄሊኮፕተር ቀርቶ ሚዛንም ላይኖረው ይችላል። ድንች፣ ምላጭ፣ ክር፣ ቆርኪና ሲሪንጅ ግን የትም ገበያ አለ። በእነዚህ የክብደት ማዕከልን፣ ማዕዘንን፣ የአየርን ክብደት ማስተማር ይቻላል። ከሁሉ በላይ ግን ተማሪው ጓደኛውን ከመወንጀሉ በፊት መለካትን ይማርበታል። እኛ በዚህ ዕድሜያችን ነው የተማርነው።

መሣሪያዎቹ ወርክሾፕ ውስጥ ተቀምጠዋል። ኑና ሞክሯቸው፤ ስሕተት ካገኛችሁብን እዚሁ ግድግዳ ላይ ጻፉልን። ድንቹን ግን አደራ፣ የሚቀጥለው ሰኞ እስኪደርስ አትቀቅሉት።

የሳይንስ ክበብ አባላት