ጉዳት ላይ ሆኖ አልትራ ማራቶን፦ ተረቱና እውነታው

ከጉዳት በቅጡ ያላገገመ ሯጭ "ዘንድሮስ ይቅርብህ" ሲባል መልሱ ዝግጁ ነው፦ "ኃይሌ ሲድኒ ላይ ተጎድቶ አይደል እንዴ ያሸነፈው?"

አሸንፏል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ ኃይሌ ገብረሥላሴ አኪለስ የሚባለው የተረከዝ ጅማቱ እያመመው 10 ሺህ ሜትር ሮጦ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀድሞታል። በዚያው ኦሎምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛውና ሁለተኛው የተለያዩት እንኳ ከዚህ በሰፋ ልዩነት ነበር። ታሪኩ ሲተረክ ግን ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። ከድሉ በኋላ ኃይሌ ጅማቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ወደ ውድድር የተመለሰው በቀጣዩ ዓመት በኤድመንተኑ የዓለም ሻምፒዮና ላይ ነው፤ አራት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን በሆነበት ርቀትም ሦስተኛ ወጣ።

ደግሞም የሲድኒው ሥራ 27 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2010 ኃይሌ ኒውዮርክ ማራቶን ላይ ሲሰለፍ የጉልበቱ ኤም አር አይ ፈሳሽ መቋጠሩንና ጅማቱ መቆጣቱን አሳይቶ ነበር። 26ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። በዚያው ዕለት ሩጫ በቃኝ አለ፣ ከቀናት በኋላም ሐሳቡን ቀየረ። በእርግጥ ዕድሜውም ጉዳቱም ሌላ ነበር፤ ቢሆንም 27 ደቂቃ የታገሠ እግር ሁለት ሰዓት ይታገሣል ማለት አይደለም። አልትራ ማራቶን ደግሞ ማራቶን ከሚያልቅበት ከ42 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ሁሉ ነው፤ 50፣ 100፣ 161 ኪሎ ሜትር።

"ካቃተኝ በእግሬ እየሄድኩ እጨርሳለሁ"

ይህኛው ብዙዎችን ያሳስታል፤ ግማሹ እውነት ነውና። በአልትራ ማራቶን መራመድ ነውር የለበትም፤ ዳገቱን ሁሉ የሚሮጥ ጥቂት ነው። ግን ሒሳቡን እንሥራው። እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በደርባንና በፒተርማሪትዝበርግ መካከል የሚካሄደው ኮምሬድስ እንደየዓመቱ ከ87 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የተፈቀደው ጊዜ 12 ሰዓት ነው። ውኃ ለመጠጣት፣ ሽንት ለመሽናትና የጫማ ክር ለማሰር የሚጠፋው ሁሉ ተቆጥሮ አንዱ ኪሎ ሜትር በአማካይ በ8 ደቂቃ ገደማ ማለቅ አለበት። ጤነኛ ሰው ፈጠን ብሎ ሲራመድ ኪሎ ሜትሩ 10 ደቂቃ ይፈጅበታል። በ12 ሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የሚያነክስ ሰው ያንንም አያገኝም። ሰዓቱ ሲሞላ ጀርባውን ለሯጮቹ የሰጠ ሰው መጨረሻው መስመር ላይ ሽጉጥ ይተኩሳል፤ በአንድ እርምጃ የዘገየም እንዳልጨረሰ ይቆጠራል።

በካሊፎርኒያው ዌስተርን ስቴትስ ሒሳቡ ለዘብ ይላል፦ 161 ኪሎ ሜትር በ30 ሰዓት፣ በሰዓት 5.4 ኪሎ ሜትር ገደማ። እዚያ ግን ተደምሮ ወደ 7 ሺህ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት አለ። ስለዚህ "መንገዱ አስፋልት አይደለም፣ አፈር ነው፣ ለእግር ይስማማል" የሚለውም አያዋጣም። ቁልቁለት ላይ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደታችንን ስለሚያግድ ቶሎ ይጎዳል፣ ጉልበትም ይጫናል፤ ድንጋይና ሥር ደግሞ ወለም ያለውን ቁርጭምጭሚት ይፈልጉታል።

"ራጅ ተነሥቼ ምንም የለብህም ተባልኩ"

በተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ብዙ ጊዜ በራጅ አይታይም። ኤም አር አይ ግን ያሳየዋል። ሕመሙ እያለ የራጁን ወረቀት ይዞ ልምምድ የጀመረ ሰው ስንጥቁን እያሰፋ ሊሆን ይችላል።

ውሳኔው በአብዛኛው የሚቆመው እዚህ ላይ ነው፦ የተጎዳው አጥንት ነው ወይስ ጅማት? ሁለቱ የሚጠይቁት ተቃራኒ ነገር ነው።

አጥንት ጫና ሲበዛበት መጀመሪያ የተጎዳውን ክፍል ያፈርሳል፣ ከዚያ አዲስ ይገነባል። ማፍረሱ ይፈጥናል፣ መገንባቱ ይዘገያል፤ በመሃል ባሉት ሳምንታት አጥንቱ ከቀድሞው የሳሳ ነው። ምልክቱን ቤት ውስጥም መጠርጠር ይቻላል። ቅልጥማችሁን በአንድ ጣት ስትጫኑ ሕመሙ አንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ከተሰበሰበ፣ በሮጣችሁ ቁጥር እየባሰ ከሄደ፣ ቆይቶም ስትራመዱና ሌሊት ተኝታችሁ ሳለ ከተሰማችሁ፣ አጥንት ነው ብላችሁ ሐኪም እስክታዩ ሩጫ አቁሙ። ስንጥቁ የጭን አጥንት አንገት ላይ፣ የቅልጥም ፊት ለፊት፣ ወይም ከእግር ጀርባ መሃል ባለችው ትንሽ አጥንት ላይ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። እነዚህ በደንብ የማይድኑ፣ አንዳንዴም ጨርሰው ተሰብረው ቀዶ ሕክምና የሚጠይቁ ቦታዎች ናቸው። ለዚህ ጉዳት "ሞክሬ አየዋለሁ" የሚባል ነገር የለም። ስንጥቅ ሲደጋገም ደግሞ ምግብን መመርመር ያስፈልጋል፤ ሩጫው ከሚያቃጥለው ያነሰ የሚበላ ሰው አጥንቱ ይሳሳል፣ የወር አበባ መቅረትም በሯጭ ሴቶች ላይ የዚህ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ጅማት ግን ዝም ብሎ መተኛት አያድነውም። ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ግትር ብሎ ሲፍታቱ የሚለዝበው የአኪለስ ሕመም የሚድነው ቀስ በቀስ በሚጨመር የጥንካሬ ልምምድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የስዊድን ጥናት የአኪለስ ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍሎ፣ ሁለቱም የጥንካሬ ልምምድ እየሠሩ፣ አንዱ ቡድን ሩጫና ዝላዩን እንዲቀጥል ፈቀደለት። ደንቡ ሕመሙ ከ10 ከ5 እንዳያልፍና በማግስቱ ጠዋት እንዲበርድ ነበር። የሮጡት ካልሮጡት በተለየ አልተጎዱም። "ትንሽ ካመመህ ፈጽሞ አትሩጥ" የሚለው ምክር እንግዲህ ለጅማት ትክክል አይደለም።

"ጥሩ ወጌሻ ካሸው ይመለሳል"

የደከመ ጡንቻን ማሸት ያፍታታል። የተሰነጠቀ አጥንትን ማሸት ግን ምንም አይጠግንም፤ ጠንከር ብሎ ከታሸም ያባብሰዋል።

"ማስታገሻ ውጬ እገፋዋለሁ"

እዚህ ላይ ጨክኜ ልናገር፦ አይሆንም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስለሚገኙ ቀላል መድኃኒት ይመስላሉ። ሰውነት ውኃ አጥቶ ለሰዓታት ሲሮጥ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ እነዚህ መድኃኒቶች ደግሞ ኩላሊት ደም ስሩን ክፍት አድርጎ ራሱን የሚያድንበትን መንገድ ይዘጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ብዙ ቀን በሚፈጁ አልትራ ውድድሮች የ80 ኪሎ ሜትሩን ክፍል የሮጡ 89 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን በየ4 ሰዓቱ 400 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን፣ ለሌላው መድኃኒት የሌለበት እንክብል ሰጠ። የኩላሊት ጉዳት ምልክት የታየባቸው ከመጀመሪያዎቹ 52 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 34 በመቶ ነበሩ። ያልዋጡትም ላይ ቁጥሩ ትንሽ እንዳልሆነ ልብ በሉ። በዚህ ላይ ማስታገሻው የሚያደነዝዘው "አቁም" የሚለውን ሕመም ነው።

"ትንፋሼ ተመልሷል፣ ዝግጁ ነኝ"

ትንፋሽ ቶሎ ይወርዳል፣ ቶሎም ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመ ጥናት ልምምድ ያቆሙ ጠንካራ ስፖርተኞች ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸው በ3 ሳምንት 7 በመቶ፣ በ12 ሳምንት 16 በመቶ ቀንሷል። በብስክሌትና በዋና ብዙውን ማስመለስ ይቻላል። አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ከጉዳት የተመለሰ ሯጭ አደገኛው ጊዜ ሳንባው "ሂድ" ብሎት እግሩ ገና ያልደረሰበት ጊዜ ነው። የአንድ እርምጃ ርዝመት አንድ ሜትር ነው ብንል ኮምሬድስ 90 ሺህ እርምጃ ያህል ነው፤ ግማሹ የሚያርፈው በታመመው እግር ላይ ነው፣ እያንዳንዱም ከሰውነት ክብደት ሁለት እጥፍ በላይ ጫና ይዞ።

"ከፍዬበታለሁ፣ ሰውም ሰምቷል" ለሚል መልሱ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የለንደን ማራቶን ዓለም የቀነኒሳንና የኪፕቾጌን ፍልሚያ ሲጠብቅ፣ ቀነኒሳ በቀለ ሁለት ቀን ሲቀረው በግራ ባቱ ሕመም ራሱን አገለለ። ከእርሱ የበለጠ የሚጠበቅበት ሯጭ ካለ ይሩጥ።

እንግዲህ የእኔ ሚዛን ይህ ነው። አጥንት ከሆነና ሐኪም ካልለቀቃችሁ፣ ዘንድሮ ይቅር። ጅማት ከሆነ፣ ከውድድሩ ሦስት አራት ሳምንት በፊት በሁለት ተከታታይ ቀናት ረዥም ሩጫ ሠርታችሁ በማግስቱ ጠዋት ሳታነክሱ ደረጃ ከወረዳችሁ፣ ግቡበት። ስትገቡም አብሯችሁ ለሚሄደው ሰው ከመነሻው በፊት "ማነከስ ከጀመርኩ ከሚቀጥለው የእርዳታ ጣቢያ አታሳልፈኝ" በሉት፤ 60ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የራሳችሁን ፍርድ አትመኑት። ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ ደግሞ "መሮጥ እችላለሁ ወይ?" ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። የተጎዳው የትኛው ክፍል እንደሆነ በስሙ አስነግሩት፣ ርቀቱን፣ ሰዓቱንና ቁልቁለቱን በቁጥር ንገሩት።