ግሥ ስም ሲሆን ምን ይዞ ይሄዳል?

በየማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ውስጥ «ውሳኔ ተሰጥቷል»፣ «ክትትል ይደረጋል»፣ «የሊቀ መንበሩ ምርጫ ቅሬታ አስነሥቷል» የሚሉትን የመሰሉ ዓረፍተ ነገሮች አይታጡም። ሲነበቡ ክብደት አላቸው። ነገር ግን የወሰነው ማነው? የሚከታተለውስ? ሊቀ መንበሩስ መረጠ ወይስ ተመረጠ? ተብሎ ቢጠየቅ ከጽሑፉ መልስ አይገኝም። ይህም የሚሆነው ሁልጊዜ ጸሐፊው ሊደብቅ ስለ ፈለገ አይደለም፤ ከግሥ የሚወለዱት ስሞች ጠባያቸው የተለያየ ስለ ሆነ ነው። አንዳንዱ የግሡን ንብረት ይዞ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ጥሎት ይሄዳል። ይኸን ለይቶ ማወቅ ለሚጽፍ ተማሪ ሁሉ ይጠቅማል፤ ይልቁንም እንደ አምቦ ሁለት ቋንቋ በሚነገርበት ከተማ ለሚማር።

ከአንድ ግሥ ብዙ ስም ይወለዳል። ከ«ወሰነ» ብንነሣ መወሰን፣ ውሳኔ፣ አወሳሰን፣ ወሳኝና መወሰኛ እናገኛለን። መወሰን ድርጊቱን፣ ውሳኔ የድርጊቱን ውጤት፣ አወሳሰን አኳኋኑን፣ ወሳኝ አድራጊውን፣ መወሰኛ ደግሞ መሣሪያውን ወይም ስፍራውን ይነግረናል። ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያውን የቀድሞዎቹ የሰዋስው መምህራን አርእስት ወይም ንኡስ አንቀጽ ይሉታል። ንኡስ አንቀጽ ማለት ታናሽ ግሥ ማለት ነው፤ ስያሜውም ጠባዩን ይገልጻል። እንደ ማሰሪያ አንቀጽ ዓረፍተ ነገር ማሰር አይችልም፤ ነገር ግን ግሥነቱ ፈጽሞ አልለቀቀውም።

አርእስት ከውጭ ሲያዩት ስም ነው። እንደ ማንኛውም ስም «ለመወሰን»፣ «በመወሰን»፣ «ከመወሰን» ይባላል። ከውስጥ ሲያዩት ግን ግሥ ነው። ይኸንንም በሦስት ነገር መፈተን ይቻላል።

አንደኛ፣ ተሳቢ ይይዛል። «ችግሩን መፍታት» እንላለን። «ችግሩን መፍትሔ» ግን አይባልም፤ «የችግሩ መፍትሔ» እንጂ። ሁለተኛ፣ አርእስትን የሚያጐላምሰው የግሥ ገላጭ ነው። «ቶሎ መወሰን» ትክክል ነው፤ «ፈጣን መወሰን» አይሆንም። በውሳኔ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል፤ «ፈጣን ውሳኔ» ትክክል ሲሆን «ቶሎ ውሳኔ» አይሆንም። ሦስተኛ፣ አርእስት በራሱ አፍራሽ አለው፤ «አለመወሰን»፣ «አለመሄድ» ይባላል። ውሳኔን ለማፍረስ ግን «የውሳኔ አለመኖር» ብለን ከሌላ አርእስት መበደር አለብን። በአንጻሩ ውሳኔ «ውሳኔዎች» ተብሎ ይበዛል፤ «መወሰኖች» የሚል ግን የለም።

ግሡን እጅግ የራቀ ስምም አለ። አምቦ ቀድሞ «ሀገረ ሕይወት» ትባል ነበር። ሕይወት የወጣው ከግእዙ «ሐይወ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ዳሩ ግን ስሙን የሚጠራ ሰው ድርጊት አይታሰበውም። «ሕይወት» ፈጽሞ ስም ሆኗል።

አሁን ወደ አድራጊው እንመለስ። አርእስት አድራጊውን በቅጥያ ሊይዝ ይችላል። መሄዴ፣ መሄድህ፣ መሄድሽ፣ መሄዱ፣ መሄዷ፣ መሄዳችን፣ መሄዳችሁ፣ መሄዳቸው እያልን በየመደቡ እንዘረዝረዋለን። ይህ በብዙዎቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች የማይገኝ ሀብት ነው። ከሚገኝባቸው አንዱ ፖርቱጋልኛ ነው። በዚያ ቋንቋ «ፓርቲር» ማለት መሄድ ወይም መነሣት ሲሆን፣ «እኛ» የሚለውን ለማመልከት በመጨረሻው ላይ ቅጥያ ገብቶ «ፓርቲርሙሽ»፣ ማለት «መሄዳችን» ይሆናል። ቋንቋዎቹ የሥጋ ዝምድና የላቸውም፤ ነገር ግን ሁለቱም ድርጊቱን ስም ካደረጉ በኋላ አድራጊውን እንዳይጠፋ በቅጥያ አስረው ይይዙታል።

አሁን «የሊቀ መንበሩ ምርጫ» የሚለው ለምን እንደሚያሻማ ግልጽ ነው። ምርጫ ተሳቢ መያዝ ስለማይችል፣ የመረጠውም የተመረጠውም በዚያው በ«የ» ይገባሉ። በአርእስት ስንጽፈው ግን ይለያል። እርሱ ከመረጠ «የሊቀ መንበሩ መምረጥ»፣ ሌሎች እርሱን ከመረጡ «ሊቀ መንበሩን መምረጥ» ወይም «የሊቀ መንበሩ መመረጥ» ይሆናል።

ይሁን እንጂ አርእስትም ቢሆን ወጥመድ አለው። በመምረጥና በመመረጥ መካከል ያለው ልዩነት በፊደል ይታያል። በ«መወሰን» ግን አይታይም። አድራጊው «ወሰነ» እና ተደራጊው «ተወሰነ» አርእስታቸው በጽሕፈት አንድ ነው፤ የሚለያዩት በንባብ፣ «ወ» በመላላቷና በመጥበቋ ብቻ ነው። «መጨረስ» እና «መፈለግ»ም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ «የገንዘብ ያዡ መፈለግ» ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ ገንዘብ ያዡ አንድ ነገር መሻቱን ይናገር ወይም ሰዎች እርሱን ማሰሳቸውን ይናገር፣ አንባቢ ሊያውቅ አይችልም። ፊደላችን መጥበቅን ስለማያሳይ ጸሐፊው ሌላ ቃል ጨምሮ ማስረዳት አለበት።

ከአምቦ እስከ ጉደር፣ ከጊንጪ እስከ ጌዶና ባኮ ድረስ የሚኖር ተማሪ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። አፋን ኦሮሞ ዛሬ የሚጻፈው በቁቤ ነው፤ ቁቤም መጥበቅንና የአናባቢን ርዝመት ፊደል በመደገም ያሳያል። እዚህ ግን ኦኔሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት ተርጉሞ በ1899 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፍ ቅዱስ እንዳደረገው፣ ቃሎቹን በግእዝ ፊደል እንጽፋቸዋለን።

አፋን ኦሮሞም ሁለቱን የስም ዐይነቶች ይለያል። «ሙርቴሱ» መወሰን ሲሆን «ሙርቲ» ውሳኔ ነው፤ «ዴሙ» መሄድ ሲሆን «ዴምሰ» ጉዞ ነው። አካሄዱ ግን በአንድ ነገር ከአማርኛ ተቃራኒ ነው። የሚከተሉትን እናስተያይ።

«ዹፉን ኢሳ ነ ገመቺሴ»፤ መምጣቱ አስደሰተኝ።
«ዹፉ ኢሳ ዸገኤ»፤ መምጣቱን ሰማሁ።

በአፋን ኦሮሞ «ን» የገባችው አርእስቱ ባለቤት በሆነበት በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ተሳቢ ሲሆን ባዶውን ይቀራል። በአማርኛ ግን ባለቤቱ ባዶውን ሲቀር «ን» የምትገባው በተሳቢው ላይ ነው። አንዲቷ ድምፅ በአንዱ ቋንቋ የባለቤት፣ በሌላው የተሳቢ ምልክት ሆነች ማለት ነው። ስለዚህ በሁለቱ ቋንቋዎች ማስታወቂያ ወይም ቃለ ጉባኤ የሚያዘጋጅ ሰው አንዱን በሌላው ልክ ቢሰፋ፣ አድራጊና ተደራጊ ቦታ ይለዋወጡበታል። ስሕተቱ የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የሁለት ሥርዐቶች መጋጨት መሆኑን የሚያውቅ መምህርም ተማሪውን ከመንቀፍ ይልቅ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ቢያሳየው ይበልጥ ይረዳዋል።

ይህ ሁሉ ሲባል ውሳኔን፣ ምርጫንና ክትትልን የመሰሉ ስሞች ይቅሩ ማለት አይደለም። ነገሩ አስቀድሞ ከታወቀ ያሳጥራሉ፤ ርእስ ለመስጠትም ይመቻሉ። ኀላፊነትና ገንዘብ ባለበት ስፍራ ግን መጀመሪያ ግሡን፣ ባይሆን አርእስቱን መምረጥ ይገባል። ለምሳሌ «በአዳራሹ ኪራይ ላይ ውሳኔ ተሰጥቷል» ተብሎ ቢጻፍ፣ ወሳኙም የተወሰነውም አይታወቅም። «ኮሚቴው አዳራሹን ለመከራየት ወሰነ» ወይም «ኮሚቴው አዳራሹን ለማከራየት ወሰነ» ቢባል ግን ሁሉም ግልጽ ይሆናል። በጽሕፈት የሚለያቸው አንድ ፊደል ነው፤ በሒሳብ መዝገብ ላይ ግን የመጀመሪያው ወጪ፣ ሁለተኛው ገቢ ነው።